የደባርቅ ምድር ባቡር

ደባርቅ የባቡር ሐዲድ የላትም፤ የእኛ ሳሎን ግን አለው። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ጠላውን ማን እንደጠመቀው ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ሊያይ ይመጣል። መጥቶ የሚያየው ግን ባቡር አይደለም። ሐዲዱ ላይ ጥቅልል ብላ የተኛች ድመት፣ ከጠረጴዛው ሥር ከንፈሩን የሚልስ ውሻ፣ ዋሻ ውስጥ አንገቷን ያስገባች ዶሮ ነው የሚያየው። «ባቡሩስ?» ብሎ ሲጠይቅ አማቴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መንገድ ላይ ነው» ይሉታል።

አገሩን ለማያውቅ ልንገር። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ ዳባትን አልፈው የሚደርሱባት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚህ በመሆኑ ዋልያና ጭላዳ ለማየት ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው ሰው በደጃችን ያልፋል። ባቡር ለማየት የመጣ ግን እስካሁን አልገጠመንም፤ ቢመጣም አንፈርድበትም። ከከተማዋ ወጣ እንዳሉ ደልዳላው መሬት ያልቅና ሊማሊሞ ይጀምራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ የሠራው መንገድ እየተጠማዘዘ ዛሪማ እስኪደርስ ከሺሕ ሜትር በላይ ይወርዳል። ባቡር ደግሞ ቁልቁለትም ዳገትም አይወድም። በየመቶ ሜትሩ ሁለት ሜትር ተኩል መውጣት ለእሱ ትልቅ ፈተና ነው። በዚህ ሒሳብ ሺሕ ሜትር ለመውረድ 40 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በገደሉ ወገብ ላይ መጠምጠም ያስፈልጋል። መሐንዲስ ይህን አስልቶ ሲያበቃ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወደ መጣበት ይመለሳል።

አማቴ ግን መሐንዲስ አይደሉም።

አማቴ ደባርቅ ተወልደው ድሬዳዋ ያረጁ ሰው ናቸው። ገና በጎረምሳነታቸው ሥራ ፍለጋ ወጥተው በምድር ባቡሩ ጥገና ክፍል ተቀጠሩ፤ ጡረታ ሲወጡ አንድ ሻንጣና ጥቂት የፈረንሳይኛ ስድብ ይዘው ተመለሱ። ስለ ባቡር ከተጠየቁ ከዐፄ ምኒልክ ነው የሚነሡት። ንጉሠ ነገሥቱ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይሉታል። ምሳ ከቀረበ ግን አዲስ አበባ ሳይደርሱ አዋሽ ላይ ይወርዳሉ።

ጀርመን አገር የምትኖረው ትልቋ ልጃቸው አባቷ በጡረታ እንዳይሰለቹ ብላ ነው ሳጥኑን የላከችው። በውስጡ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ጥቂት ፉርጎዎች፣ የሚገጣጠም ሐዲድና ትራንስፎርመር ነበረበት። አማቴ ሎኮሞቲቩን በመዳፋቸው ይዘው ሲያገላብጡት ዐይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ሐዲዱን ለኩት። 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ 16.5ን በ87 አባዙ፤ 1,435 ሚሊ ሜትር መጣ። እንባው ወዲያው ደረቀ። ይህ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ወር የተመረቀው የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋት ነው። የእሳቸው ሐዲድ ቢሆን 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆን ነበረበት። «የልጅ ልጄን ሥራ ነው የላከችልኝ» ብለው አኩርፈው ሰነበቱ።

ኩርፊያው ያለፈው ሒሳቡ እየጣማቸው ሲሄድ ነው። የሰው ሁሉ ነገር በ87 ይካፈል ጀመር። የድሮው መስመር ከነሙሉ ርዝመቱ በዚህ ልክ ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሃምቡርግ ከተማ የተከፈተው ታላቁ የባቡር ሞዴል ትርኢት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ አለው፤ ምኒልክ ያስጀመሩት መስመር እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነጣቢያዎቹ ገብቶ ቦታ ይተርፋል ማለት ነው። ራስ ደጀን በዚሁ ልክ ቢሠራ 52 ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። የእኛ ጣራ ግን ሦስት ሜትር ስለማይሞላ ራስ ደጀን በልዩ ትእዛዝ ከወገብ በታች እንዲሆን ተወሰነ።

ጠረጴዛው ከባሕር ዛፍ አውራጅና ከኮምፔንሳቶ ተሠራ። እማማ፣ ማለትም የባለቤቴ እናት፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጡ፤ «ረከቦቴ ከቦታው ንቅንቅ አይልም» አሉ። ሐዲዱ ስለዚህ ከደባርቅ ተነሥቶ፣ በረከቦቱ ዙሪያ ታጥፎ፣ በሰሜን ተራሮች ዋሻ ውስጥ አልፎ ዳባት ይደርሳል። ጂኦግራፊ የሚያውቅ እንግዳ ከደባርቅ ዳባት ለመሄድ ተራራ ውስጥ መግባት እንደማያስፈልግ ሲያስረዳ አማቴ በትዕግሥት ያዳምጡትና፣ «ረከቦቱንስ ወዴት ልታደርገው ነው?» ብለው ይጠይቁታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ወገን ብቻ አልተማከረም፤ የቤቱ እንስሳት።

መጀመሪያ የደረሰችው ድመቷ ናት። ስትወለድ ዐይቼ ከዳባት ያመጣኋት እኔ ነኝ። ዳባት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ልደቱንና ሞቱን፣ መጤውንና ሂያጁን ቤት ለቤት እየዞሩ የሚመዘግቡባት ወረዳ ናት። ድመቷ ያንን አይታ ሳትወጣ አልቀረችም፤ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ምን ይዞ እንደገባ ሳትመረምር የምታሳልፈው ነገር የለም። ጠረጴዛው በቆመ ዕለት ወጥታ ዳር እስከ ዳር አሸተተችው፤ ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ነካክታ አጣራች፤ ከዚያ ትራንስፎርመሩ ላይ ተቀመጠችና ዐይኗን ጨፈነች። መዝገቡ ተዘጋ።

ነገሩ ከፍላጎት ያለፈ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው። ለድመት ሰውነት የሚስማማው ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። የደባርቅ ሌሊት ለሰውም ቢሆን በጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርባል፤ ያቺ ጋቢ የሌላት ፍጡር በቤታችን ውስጥ ሌት ተቀን ሞቅ ያለ ዕቃ ብታገኝ ማን ይፈርድባታል? ችግሩ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለችው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ቁልፍ ከሆዷ ሥር መዋሏ ነው። ስትገላበጥ ባቡሩ ይፈተለካል፤ ስታንኮራፋ ይቆማል። አማቴ በሙሉ ዘመናቸው ያላዩት የባቡር ነጂ ነው።

የድመቷን መጠን በ87 ማባዛት ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ባላስበው ይሻል ነበር። ትከሻዋ ድረስ 25 ሴንቲ ሜትር ናት፤ ይህ በባቡሩ ተሳፋሪዎች ዐይን 22 ሜትር ይሆናል፤ ሰባት ፎቅ። ክብደቷ 4 ኪሎ ነው፤ ክብደት ደግሞ በርዝመትም በወርድም በቁመትም ስለሚባዛ ከ2,600 ቶን በላይ ትመዝናለች። አርባ ቶን የሚጭን ከባድ መኪና ከስልሳ በላይ ተሰልፎ ነው የሚያነሣት። የዳባት ጣቢያ ላይ ሻንጣውን ይዞ የቆመው የፕላስቲክ ሰውዬ ይህን ሁሉ እያየ አንድም ቀን ፊቱ አልተለወጠም። አማቴ ሰውዬውን ያከብሩታል፤ «ይኼ የድሬዳዋ ሰው ነው» ይላሉ።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ሺሕ ኸርዝ ነው፤ የውሻ እስከ 45 ሺሕ ግድም፤ የድመት ግን ከ60 ሺሕ ያልፋል። አይጦች እርስ በርሳቸው የሚንሾካሾኩት እዚያ እኛ በማንሰማው ከፍታ ነው። ትንሿ ሞተር ምን እያለች እንደምትሄድ እኛ የምናውቀው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ድመቷ ግን ሙሉውን ሰምታ አይጥ ናት ብላ ደምድማለች። ስለዚህ ዋሻው አፍ ላይ አድፍጣ ትጠብቃለች። ሎኮሞቲቩ ብቅ ሲል በአንድ ጥፊ ሐዲድ ታስተውና፣ አሽትታ፣ ብረት መሆኑን ታረጋግጣለች። የሚቀጥለው ዙር ላይ እንደገና ታረጋግጣለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ያሉት አበው ባቡር ሳያዩ ነው።

ጸጉሯም የራሱ መዘዝ አለው። አንድ ዘለላ ጸጉር ሐዲዱ ላይ ትወድቃለች፤ ጎማው ያነሣታል፤ የማርሹ ጥርስ ውስጥ ትጠመጠማለች፤ ሎኮሞቲቩ ያቃስታል፤ ከዚያ ይቆማል። አማቴ በወረንጦ እየመዘዙ ሲያወጡ ያመሻሉ። ሐዲዱንም ኤሌክትሪኩ እንዲያልፍ በአልኮል መወልወል ግድ ነው። ለዚህ ሥራ እማማ አረቄ ፈቀዱ። አረቄው ከመጣ ወዲህ የሐዲድ ጽዳት የሚያግዝ ጎረቤት አጥተን አናውቅም፤ ሐዲዱ ግን ከበፊቱ ብዙም አልጠራም።

ሁለተኛው ባለጉዳይ ቦቢ ነው። ቦቢ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ጅብ ሲመጣ ይጮሃል፤ ቱሪስት ሲያልፍ ይጮሃል፤ የባቡሩ ፊሽካ ሲነፋም ይጮሃል። ውሾቹ ይጮሃሉ፣ ግመሎቹም ይሄዳሉ የሚለው ብሂል በእኛ ቤት አልሠራም። ውሻው ሲጮህ ባቡሩ ይቆማል፤ ምክንያቱም አማቴ እንግዳ የመጣ መስሏቸው በር ሊከፍቱ ይነሣሉ።

የቦቢ ትልቁ ጥፋት ግን ጩኸቱ አልነበረም። ተራሮቹን የሠራነው ከአሮጌ ጋዜጣና ከዱቄት ማጣበቂያ ነው። ጋዜጣውን እየቀደድን በተጣበቀው ላይ እየደረብን፣ ሲደርቅ ቀለም እየቀባን፣ ገደሉን በቢላዋ እየፈለፈልን ነው ሳንቃበርን፣ ጨነቅን፣ በመጨረሻም ራስ ደጀንን ያቆምነው። ጅብራውን ከዶሮ ላባ፣ ደመናውን ከበግ ጸጉር አደረግነው። ማጣበቂያው ጨው ቢጤ እንደነበረበት የምናውቀው እማማና እኛ ብቻ መስሎን ነበር። በነጋታው ጠዋት ራስ ደጀን አናት የለውም።

የራስ ደጀን ከፍታ በየመጽሐፉ እንደሚለያይ አንባቢ ያውቃል። በቆዩት መጻሕፍት 4,620 ሜትር ነበር፤ በኋላ 4,543 ተባለ፤ አሁን 4,533 ይባላል። ሊቃውንቱ የመለኪያው መሣሪያ እየተሻሻለ መምጣቱ ነው ይላሉ። እኔ ግን በየዘመኑ ቦቢ የሚባል ውሻ እንደነበረ ማሰብ ጀምሬያለሁ።

አማቴ ቦቢን በዱላ ሊያባርሩት ሲነሡ ባለቤቴ ተራራውን ገልበጥ አድርጋ ሥሩን አሳየች። ውስጡ በአይጥ ተቦርቡሮ ባዶ ቀርቷል። ቦቢ የበላው አናቱን ብቻ ነው፤ ቀሪውን ሳንቃበርና ጨነቅን ጨምሮ ድመቷ ከሳሎን ስትርቅ የጨረሱት ሌሎች ናቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። በዚያ ዕለት ቤቱ በከባድ ጥያቄ ላይ ወደቀ። ድመቷ ከሳሎን ከወጣች አይጥ ተራራውን ይበላል፤ ተራራው ከተበላ ዋሻው ይናዳል፤ ዋሻው ከተናደ ባቡር የለም። ድመቷ ሳሎን ከቆየች ደግሞ ተራራም ዋሻም ይኖራል፤ ባቡር ግን ያው የለም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለን ነው ጀርመን ያለችው ልጅ በስልክ የጃፓኑን ወሬ ያሰማችን። ኦሳካ ውስጥ የባቡር ሞዴል ዘርግቶ እንግዶቹን የሚያስተናግድ ምግብ ቤት አለ፤ በኮሮናው ጊዜ ገበያ ጠፍቶበት ሲጨነቅ የጎዳና ድመቶች ተጠጉት፤ ድመቶቹ ሐዲዱ ላይ ተጋድመው የተነሡት ፎቶ ዓለምን ዞረና ቤቱ በሰው ተሞላ። ከዚያ የባሰም አለ። ዋካያማ በሚባለው ግዛት ኪሺ የምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ተሳፋሪ አጥታ ስትንገዳገድ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 ታማ የተባለች ድመት የጣቢያ ሹም አድርጎ ሾመ። ኮፍያ ተሰፋላት፤ ደመወዟ በድመት ምግብ ተከፈለ፤ ሰው እሷን ለማየት ባቡር ይሳፈር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2015 ስትሞትም ወንበሩ ባዶ አልቀረም፤ ሌላ ድመት ተሾመች።

አማቴ ይህን ሰምተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ወደ ትራንስፎርመሩ ዞር ብለው ሆዷን ለቁልፉ ሰጥታ የተኛችውን አዩ። «ሹም ማለት እንግዲህ ይህ ነው» አሉ፤ «ቁጭ ብሎ ሌላውን የሚያስቆም።» በድሬዳዋ የጣቢያ ሹሙን የሚጠሩት በፈረንሳይኛ ሼፍ ደ ጋር እያሉ ስለነበር ድመቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሼፍ ተባለች። ሹመቷን ያልተቀበለ ቦቢ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ እስከ ሽምግልና ደርሷል። እውነተኛ ሐዲድ ሥሩ ጠጠር ይደፋበታል፤ ጠጠሩ ክብደቱን ያከፋፍላል፣ ውኃውን ያስርጋል። ለሞዴሉ የሚሆን ጠጠር ከየት ይምጣ? አማቴ አሸዋውን ሞከሩ፤ ደቀቀባቸው። አንድ ቀን እማማ ጤፍ ሲነፉ ተቀምጠው ሲያዩ ዐይናቸው በራ። አንዲት የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ በ87 ስትባዛ 9 ሴንቲ ሜትር ትጠጋለች። ሰርገኛ ጤፍ ከሆነ ደግሞ ጥቁሩ ከነጩ ተደባልቆ ቁርጥ የተፈጨ ድንጋይ ነው። ደጋ ላይ ጤፍ ከቆላ ተጭኖ የሚመጣ ውድ እህል ነው፤ በሐዲድ ሥር መድፋቱን እማማ ቢሰሙ ኖሮ የምድር ባቡሩ ታሪክ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። ስለዚህ ሥራው በሌሊት ተሠራ። በማግሥቱ የሐዲዱ ውበት ለጉድ ነው።

የጎረቤታችን ዶሮም እንዲሁ አሰበች። በር ተከፍቶ ሲቀር ገብታ ከደባርቅ እስከ ዋሻው ድረስ ያለውን ጠጠር ለቅማ ስትጨርስ አማቴ ሳያዩ ባቡሩን አስነሡ። ፊሽካው ተነፋ። ዶሮዋ በረከቦቱ ላይ፣ ከረከቦቱ በእማማ ራስ ላይ፣ ከዚያ በመስኮት ወጣች።

ከቀናት በኋላ ባለቤቷ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። «ጋሼ፣ ዶሮዬ ከዚህ ቤት ከወጣች ወዲህ እንቁላል መጣል ትታለች። ባቡርዎ አስደንግጦብኛል፤ ካሳ ይገባኛል።»

«እታለም፣ ዶሮሽ የተገኘችው በሐዲድ ክልል ውስጥ ነው» አሉ አማቴ፤ ድምፃቸው የመሥሪያ ቤት ሆነ።

«ሐዲድ ክልል ማለት ሳሎን አይደለም እንዴ?»

ሽማግሌ ተቀመጠ። አማቴ ክርክራቸውን ከሩቅ ነው ያመጡት። አዲሱ ባቡር በአፋርና በሶማሌ ምድር ሲያልፍ ግመልና ከብት እንደሚገጭ፣ ለአርብቶ አደሩ ካሳ እንደሚከፈል፣ ባቡሩም ስለ ከብቱ ብሎ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ አወሱ። ሽማግሌው ይህን ሰምተው፣ «እንግዲያስ ራስዎ መሰከሩ፤ ባቡር ይከፍላል» አሉ። አማቴ ደነገጡ። ተሟጋች ከመረጃ ብዛት እንዲህ ነው የሚሸነፈው። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ጎረቤታችን ዞረው፣ «ዶሮዋ የበላችው ምን ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። አንድ ጣሳ የሚሞላ ሰርገኛ ጤፍ መሆኑ ተገለጸ። የጤፉ ዋጋ ከእንቁላሉ ጋር ተመዛዘነ፤ ተቻቻለ፤ ሁሉም ይቅር ተባባለ። ያልተመዛዘነው አንድ ነገር ነው። ከጓዳ ሆነው ሲያዳምጡ የነበሩት እማማ ብቅ ብለው፣ «የምን ጤፍ?» አሉ። የዚያ ችሎት ውሳኔ እዚህ አይጻፍም።

ገና ሲቃረብ አራተኛው መጣ። በግ በብርድና በጅብ ምክንያት ደጅ አያድርም፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ገመድ የሚታሰርበት ጠንካራ ነገር የጠረጴዛው እግር ብቻ ነው። በጉ የመጀመሪያውን ሌሊት በሰላም አደረ። በሁለተኛው ቀን ቀና ሲል ከአፍንጫው ከፍ ብሎ የተተከለ ሣር አየ። ሣሩ ውሸት አይደለም፤ ከተራራው የመጣ የደረቀ ጓሳ ነው። አንድ ጊዜ ሳብ አደረገ። ጓሳው ከካርቶኑ፣ ካርቶኑ ከጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ከበጉ ገመድ ጋር የተያያዘ ስለነበር ሰሜን በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ራስ ደጀን ዳባት ላይ ወደቀ። ድልድዩ ተገነጠለ። ሼፍ ከእንቅልፏ ነቅታ ከነትራንስፎርመሩ ወለል ላይ ደረሰች። ቆሞ የቀረው ሻንጣ የያዘው የፕላስቲክ ሰውዬ ነው። በጉ የበላውን አጣጥሞ ሌላ ሳብ ሊያደርግ ሲያዘነብል አማቴ በክብር፣ «ገና ቀርቧል፤ ተወው ይጥገብ» አሉ።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ የሚሠራ መሐንዲስ የሆነ የወንድማቸው ልጅ ለበዓሉ መጣ። ፍርስራሹን አይቶ አዘነ፤ ሲነጋ ወረቀት ላይ ንድፍ ሠርቶ አቀረበ። ጠረጴዛው ዙሪያውን በመስታወት ይታጠር፤ ከላይም ይከደን፤ ትራንስፎርመሩ በሳጥን ይቆለፍ፤ ተራራው በጂፕሰም ይሠራ። «አባባ፣ እንዲህ ከሆነ አንድም እንስሳ አይደርስበትም፤ ባቡሩ በሰዓቱ ይሄዳል» አለ። ንድፉ እንከን አልነበረውም፤ እኔም ባለቤቴም ራሳችንን ነቀነቅን።

አማቴ ወረቀቱን ዐይተው፣ ገልብጠው፣ መልሰው ሰጡት። «ልጄ» አሉ፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው የነበረው ባቡር ግመል ያሳለፈ፣ ፍየል የጠበቀ፣ ጣቢያ ላይ ዶሮ ያሳፈረ ባቡር ነው። የተሳፋሪው ግማሽ ቅርጫት ውስጥ ሆኖ ይጮህ ነበር። አዲሱም ቢሆን በኤሌክትሪክ እየሄደ ለግመል ይቆማል። እንስሳ የማይደርስበት ባቡር ካየህ እሱ የሌላ አገር ነው። እኔ የምሠራው የዚህን አገር ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞ መስታወት ውስጥ ከገባ ረከቦቱ የት ይቀመጣል?» አሉ።

መሐንዲሱ ለመጀመሪያው ክርክር መልስ ነበረው፤ ለሁለተኛው አልነበረውም። እኔ ግን የመጀመሪያውን እያሰብኩ ቀረሁ። እዚህ አገር ሰው ለብቻው የሚይዘው መንገድ የለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚመጣ አውቶቡስ በገበያ ቀን አህያ አሳልፎ፣ በግ አሳልፎ፣ ገብስ የጫነ ፈረስ ተከትሎ ነው የሚገባው። ከደባርቅ ወደ ተራራው የሚወጣ ቱሪስትም መኪናውን አቁሞ የጭላዳ መንጋ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ለዚያውም ለመጠበቅ ከፍሎ ነው የመጣው። ሾፌሩ ቢሳደብም አህያዋ አትፈጥንም። ባቡራችን ላይ የተኛችው ድመት ያበላሸችው የመሰለን ሞዴሉን ነው፤ ነገር ግን ከሃምቡርግ እስከ ደባርቅ ድረስ ልኩ ትክክል የሆነው የሞዴሉ ክፍል እሷው ናት። ስፋቱ የሌላ ዘመን ሐዲድ ነው፤ ተራራው ያለ ቦታው ነው፤ ጣቢያው ላይ ያለው ሰውዬ ጀርመን ነው። አስቁማ የምታሳልፈዋ ሼፍ ግን የእኛው ናት።

ጠረጴዛው ከገና በኋላ እንደገና ቆመ። ራስ ደጀን ዘንድሮ ከጭቃና ከጭድ ነው የተሠራው፤ ቦቢ ቀምሶ አልወደደውም። ጠጠሩ ከወንዝ ተለቅሞ በወንፊት የተነፋ ድንጋይ ነው። በግ የሚታሰርበት ምሰሶ ጓዳ ተተክሏል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አማቴ ድሬዳዋ ያልነበራቸውን ሥልጣን እዚህ አግኝተው የባቡር መነሻ ሰዓት አወጡ፤ በጥሩ እጅ ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። የጠዋቱ ባቡር ሼፍ ከትራንስፎርመሩ ስትወርድ ይነሣል። የቀትሩ ባቡር ዶሮ ከቤት መውጣቷ ሲረጋገጥ ይነሣል። የማታው ባቡር መብራት ካለ፣ ቦቢ ከበላ፣ እማማም ቡና አፍልተው ካበቁ ይነሣል።

ይህ ከተለጠፈ ወዲህ የደባርቅ ምድር ባቡር አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም።